ፋብሪካው ያለበትና ሠራተኛው የሚያድርበት፦ የሥራ ገበያን መከለልና የንግድ ድንጋጤን መለካት

ጥያቄ፦ «የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ በአገር ውስጥ የፋብሪካ ሥራ ላይ ያደረሰውን ተጽዕኖ ይመለከታል። አሜሪካ ውስጥ ከቻይና ጋር ባለው ንግድ ላይ የተሠራውን ጥናት ዘዴ ለኢትዮጵያ ልጠቀምበት ብዬ እያንዳንዱን ዞን እንደ አንድ የሥራ ገበያ ወሰድኩ፤ አዲስ አበባን ደግሞ ለብቻዋ። አማካሪዬ ግን ‹ዞን የሥራ ገበያ አይደለም› ብለው መለሱልኝ። ታዲያ ምን ልውሰድ? የተጋላጭነት መለኪያውንስ እንዴት ላስላ? በአዲስ አበባ ዙሪያ የሰበሰብኩት የምልልስ (ከቤት ወደ ሥራ የሚደረግ የየቀኑ ጉዞ) ሠንጠረዥም ከግማሽ በላይ ዜሮ ስለሆነ ሎግ ስወስድ ይጠፋብኛል።»

መልስ፦ አማካሪዎ ትክክል ናቸው፤ ነገሩም የስያሜ ጉዳይ አይደለም። ሊጠቀሙበት ያሰቡት ዘዴ ሁለት የተለያዩ መረጃዎችን ያጋጥማል። አንደኛው የተጋላጭነት መለኪያው ነው፤ ማለትም ከውጭ የሚገባው ሸቀጥ ድንገት ሲጨምር (የንግድ ድንጋጤ የምንለው ይህን ነው) አንድ ቦታ ምን ያህል እንደሚነካ የሚያሳየው ቁጥር። የሚሠራው ከፋብሪካዎች መረጃ ስለሆነ ሠራተኛውን የሚቆጥረው በሚሠራበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ውጤቱ ነው፦ ሥራ አጥነት፣ ደመወዝ፣ በፋብሪካ የተቀጠረው ሰው ድርሻ። ይህ ከቤተሰብ ጥናት ስለሚመጣ ያንኑ ሰው የሚቆጥረው በሚያድርበት ቦታ ነው። ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ከለላ (ለጥናቱ በተሰመረ አካባቢ) ውስጥ ካልወደቁ ድንጋጤው እዚህ፣ ጉዳቱ እዚያ ይመዘገባል።

ዱከምን ይውሰዱ። እዚያ ባለው የኢንዱስትሪ ዞን የሚሠራ ሰው ዱከም ብቻ አያድርም፤ ከቢሾፍቱ የሚመጣ አለ፤ ከአቃቂ ቃሊቲ በሰርቪስ የሚመጣ አለ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ድንጋጤው በኦሮሚያ ሒሳብ ይጻፋል፤ ሥራ ያጣው ሰው ደግሞ የቤተሰብ ጥናቱ ሲመጣ አዲስ አበባ ይቆጠራል። በዞን ከፋፍለው ሪግሬሽን ሲሠሩ ተጋላጭ የሆነው ቦታ ከእውነቱ ያነሰ ተጎድቶ ይታያል፤ ማነጻጸሪያ ብለው የያዙት ቦታ ደግሞ የማይገባው ጉዳት ይደርስበታል። ሁለቱም ስህተቶች ኮኤፊሸንቱን (የተጽዕኖውን መጠን የሚነግረውን ቁጥር) ወደ ዜሮ ይጎትቱታል። ከዚያ «ንግዱ ተጽዕኖ የለውም» የሚል ድምዳሜ ላይ ይደርሳሉ፤ ያጠፋው ግን ካርታው ነው።

የምልልስን ክብደት ለማየት የሞንቴ፣ የሬዲንግና የሮሲ-ሃንስበርግን የ2018 ጥናት መመልከት ይበቃል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ካውንቲዎች (ከክፍለ አገር በታች ባሉ አስተዳደሮች) ላይ ባደረጉት ስሌት አንድ ዓይነት የሥራ ፍላጎት ድንጋጤ በአንዱ ካውንቲ ቅጥርን በ0.5 የመለጠጥ መጠን (ድንጋጤው በ1 በመቶ ሲያድግ ቅጥሩ ስንት በመቶ እንደሚለወጥ)፣ በሌላው በ2.5 ያንቀሳቅሰዋል። የአምስት እጥፍ ልዩነት ነው። ዋናው ምክንያት ከጎረቤት የሚመላለስ ሠራተኛ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። በሩ ለጎረቤት ክፍት የሆነ ቦታ ቅጥሩን በፍጥነት ያሰፋል፤ የተዘጋው ግን ከሩቅ የሚፈልስ ሰው መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ አከላለሉ። ሊከተሉት ያሰቡት የዴቪድ ኦተር፣ የዴቪድ ዶርንና የጎርደን ሃንሰን የ2013 ጥናት የተሠራው በክፍለ አገር ወይም በካውንቲ አይደለም፤ «የምልልስ ቀጠና» በሚባል አሃድ ነው። (ቀጠና የምለው ሆን ብዬ ነው፤ ዞን ካልን ከአስተዳደሩ ዞን ጋር ይምታታል።) ቀጠናዎቹን የሠሩት ቶልበርትና ሳይዘር ናቸው። የ1990ውን ሕዝብ ቆጠራ የቤትና የሥራ ቦታ መረጃ ይዘው መላውን አሜሪካ በ741 ቀጠና ከፈሉት፤ ከእነዚህ 722ቱ ተያያዥ የሆኑትን 48 ክፍለ አገሮች ይሸፍናሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ በእጅዎ አንዴ ቢሠሩት ጠባዩን ያውቁታል። ሁለት ከተሞችን እንያዝ፤ ቁጥሩን ለማሳያ ብቻ ነው የፈጠርኩት። ከተማ ሀ 60,000 ነዋሪ ሠራተኛ አላት፤ ከተማ ለ 400,000። ከሀ ወደ ለ በየቀኑ 15,000 ሰው ይሄዳል፤ ከለ ወደ ሀ 3,000። ሁለቱን ፍሰቶች ይደምሩ፦ 18,000። ከሁለቱ ከተሞች በአነስተኛዋ ሠራተኛ ቁጥር ያካፍሉ፦ 18,000 ÷ 60,000 = 0.30። ይህ ትስስራቸው ነው። ከ1 ሲቀነስ 0.70፤ ይህ «ርቀታቸው» ነው። ይህን ለሁሉም ጥንድ አስልተው በሃይራርኪካል ክላስተሪንግ (ቅርብ የሆኑትን እያጣመሩ በመቧደን)፣ የቡድን አማካይ ርቀትን እየተጠቀሙ ቅርብ የሆኑትን ደረጃ በደረጃ ያጣምራሉ፤ አማካዩ 0.98 ሲደርስ ይቆማሉ። በአነስተኛዋ ማካፈሉ ትርጉም አለው፤ በትልቋ ቢካፈል ትንሿ ከተማ ሙሉ በሙሉ በትልቋ ብትተዳደርም ትስስሩ ኢምንት ሆኖ ይቀራል።

0.98 ግን ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ፉት፣ ኩትዝባክና ቪልሁበር እንዳሳዩት የመቁረጫውን ቁጥር ትንሽ ሲያነሱት ወይም ሲያወርዱት፣ ወይም በምልልስ መረጃው ላይ ያለውን የናሙና ስህተት ሲያስገቡ ቀጠናዎቹ ይቀያየራሉ፤ በእነሱ ላይ የተሠራው ግምትም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በአንድ ካርታ ብቻ የተሠራ ውጤት ይዘው አይቅረቡ። ቢያንስ ሦስት ካርታ ይሥሩ፤ ጠባብ፣ መካከለኛና ሰፊ።

እንግሊዞች የሚከተሉት መንገድ የተለየ ነው፤ ለእኛ አገር ሁኔታ እሱ የተሻለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መስፈርቱን ለማንም ማስረዳት ይቻላል። «ወደ ሥራ የመጓጓዣ አካባቢ» ለመባል ከነዋሪ ሠራተኞቹ 75 በመቶው እዚያው መሥራት፣ እዚያ ከሚሠሩትም 75 በመቶው እዚያው መኖር አለባቸው፤ ቢያንስ 3,500 ሠራተኛም ያስፈልጋል። ከ25,000 በላይ ሠራተኛ ላላቸው መስፈርቱ እስከ 66.7 በመቶ ይላላል። በ2011 ቆጠራ መላው የተባበረው መንግሥት 228 አካባቢ ሆኖ ተከፍሏል። አውሮፓ ኅብረትና ኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ደግሞ ከመሀል ይጀምራሉ፦ በካሬ ኪሎ ሜትር 1,500 ሰው ጥግግት ያለውና 50,000 ነዋሪ የሚሞላ የከተማ እምብርት ይፈለጋል፤ ከዚያ ቢያንስ 15 በመቶ ሠራተኛው ወደዚህ ከተማ የሚመላለስበት አስተዳደር ሁሉ ይጨመርበታል።

ለእርስዎ ችግሩ እነዚህ ሁሉ የምልልስ ቆጠራ የሚፈልጉ መሆናቸው ነው። መላ አገሪቱን የሚሸፍን ሠንጠረዥ ከሌለዎት ካርታውን በጉዞ ሰዓት ይሥሩት፤ የሰበሰቡትን የአዲስ አበባ ዙሪያ ሠንጠረዥ ደግሞ ለማረጋገጫ ይጠቀሙበት። በተግባር እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱን ከተማ እንደ እምብርት ይያዙ፤ ከእያንዳንዱ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ቅርቡ እምብርት ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያስሉ፤ በ45፣ በ60 እና በ90 ደቂቃ ሦስት ካርታ ይሥሩ። ደቂቃው የመኪናውን ሩጫ ብቻ የያዘ እንዳይሆን። ከቤት እስከ ፌርማታ ያለው እግር፣ የታክሲው ሰልፍ፣ ቅያሪው፣ ሁሉም ይቆጠራል። በካርታ አገልግሎት ላይ 25 ደቂቃ የሚለው መንገድ በሰልፉ ሰዓት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ያላካተተ ካርታ አዲስ አበባን ከእውነቱ በላይ አስፍቶ ያሳያል። ከሠሩ በኋላ የእንግሊዞቹን መስፈርት ባለዎት ሠንጠረዥ ይፈትኑ፤ በ60 ደቂቃው ካርታ ውስጥ ከሚኖሩት ስንቱ በዚያው ውስጥ ይሠራል? ከሦስት ሁለት እጅ ካልሞላ ያስፉት።

አዲስ አበባን ለብቻዋ መያዝዎ ከሁሉም የከፋው ውሳኔ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ በሥራ ገበያ ግን ከአዲስ አበባ ጋር አንድ አካል ናቸው። ኮንዶሚኒየሞቹም ነዋሪውን ወደ ዳር አወጡት፤ ሥራው ግን ብዙውን ጊዜ መሀል ቀረ። ሐዋሳን ደግሞ በተቃራኒው ያስቡ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ሥራ የገቡት ወጣት ሴቶች በብዛት ከገጠር መጥተው ከተማው ውስጥ ቤት የተከራዩ ናቸው። ይህ ምልልስ አይደለም፤ ፍልሰት ነው። ፍልሰትን ለመያዝ ብለው ቀጠናውን እስከ ገጠሩ አይለጥጡ። ቀጠናው የምልልሱን ክበብ ይያዝ፤ ፍልሰቱ ራሱን የቻለ ውጤት ሆኖ ይለካ፤ የሕዝብ ቁጥሩ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም በሚል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። የሥራ ገበያ የሚሰፋው በሚመላለሰው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሥራ ፈልጎ መሀል ከተማ ድረስ መውጣት በሚችለውም ነው። ሳይመን ፍራንክሊን አዲስ አበባ ውስጥ ከመሀል ርቀው ለሚኖሩ ሥራ አጥ ወጣቶች የትራንስፖርት ድጎማ በዕጣ ሰጥቶ ባደረገው ጥናት ድጎማውን ያገኙት ሥራ ፍለጋቸውን አጠናክረዋል፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ጨምሯል። በኋላ ከአበበና ከሌሎች ጋር በተሠራው ጥናት ግን ከአራት ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ፣ በዚያው ጥናት ለሌሎች የተሰጠው የሥራ ማመልከቻ ሥልጠና ውጤት በገቢ ላይ ጎልቶ ቀርቷል። እንግዲህ ርቀት የሚያግደው እግርን ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ አሠሪው ዳር ያለውን ልጅ የሚያውቅበት መንገድም የለውም። ካርታዎ ይህን አያሳይም፤ ውጤቱን ሲተረጉሙ ግን ልብ ይበሉት።

ወደ ዜሮዎቹ ልምጣ። የምልልስ ሠንጠረዥ ከግማሽ በላይ ዜሮ መሆኑ ጤነኛ ነገር ነው፤ ሰው ከየትም ወደየትም አይመላለስም። ስህተቱ ሎግ መውሰዱ ነው። ሎግ ሲወስዱ የቀሩት ጥንዶች ርቀት ቢኖርም ሰው የተመላለሰባቸው ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ርቀት ከእውነቱ ያነሰ የሚያግድ መስሎ ይታያል። «1 ደምሬ ሎግ ልውሰድ» የሚለው መላ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፍሰቱን በሰው ከመቁጠር በመቶ ሰው ቢቆጥሩት ኮኤፊሸንቱ ይለወጣል። በመለኪያ አሃድ የሚለዋወጥ ውጤት ውጤት አይባልም።

መፍትሔው የፖይሶን ግምት ነው፤ ሳንቶስ ሲልቫና ቴንሬይሮ በ2006 ለንግድ የስበት ሞዴል (ፍሰትን በቦታዎቹ ትልቅነትና በርቀት የሚያብራራ ሞዴል) ያቀረቡት፣ በአጭሩ ፒፒኤምኤል የሚባለው። ፍሰቱን በደረጃው፣ ዜሮውንም ጨምሮ ያስገባሉ። መነሻና መድረሻ ለእያንዳንዳቸው ፊክስድ ኢፌክት (የየቦታውን ቋሚ ጠባይ የሚይዝ የራሱ ቁጥር) ይሰጧቸዋል፤ ያለ እነሱ የጉዞ ደቂቃው ኮኤፊሸንት የከተሞቹን ትልቅነት ጭምር ይሸከማል። ስታንዳርድ ኤረሩን (የግምቱን የስህተት ስፋት) በመነሻም በመድረሻም ክላስተር ያድርጉ፤ ማለትም የአንድ ቦታ ስህተቶች ሊዛመዱ እንደሚችሉ ይቁጠሩ። እዚያው ኖረው እዚያው የሚሠሩትን ከሠንጠረዡ አያውጡ፤ እነሱን ያወጣ ሰው የምልልስን ዋና ክፍል ጥሏል። የውስጥ ርቀታቸውን ለመገመት የቦታውን ስፋት በፓይ አካፍለው ስኩዌር ሩት ያወጡና በ0.67 ያባዛሉ። 314 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሆነ ወረዳ 314 ÷ 3.14 = 100፤ ሩቱ 10፤ ስለዚህ 6.7 ኪሎ ሜትር። ስታታም አርም (ሁለቱ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች) ውስጥ ብዙ ፊክስድ ኢፌክት የሚችሉ የፖይሶን ትዕዛዞች አሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ከደቂቃ አይበልጥም።

አንድ መነሻ ወደ አንድም መድረሻ ካልላከ ፕሮግራሙ ያንን መነሻ ያወጣዋል፤ ስህተት አይደለም። ነገር ግን ሠንጠረዥዎ ከናሙና የመጣ ከሆነና በእያንዳንዱ ሕዋስ ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ ካለ የፍሰቱን ቁጥር እንዳለ አምነው ወደ ሞዴል አያስገቡት። ሁለት ሰው የነበረበት ሕዋስ በሌላ ናሙና ዜሮ ሊሆን ይችላል። ወረዳዎችን አጣምረው ሕዋሶቹን ያወፍሩ፤ ወይም ከፖይሶኑ የተገመተውን ለስላሳ ፍሰት ይጠቀሙ።

ያገኙት ቁጥር ጤናማ መሆኑን ለማየት ሁለት መለኪያ ይያዙ። አህልፌልት፣ ሬዲንግ፣ ስቱርምና ዎልፍ በርሊን ላይ በሠሩት የ2015 ጥናት እያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ምልልሱን በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። በዚህ ሒሳብ 30 ደቂቃ ሲጨመር ፍሰቱ ወደ 12 በመቶ፣ 60 ደቂቃ ሲጨመር ወደ 1.5 በመቶ ይወርዳል። ሁለተኛው የሞንቴና የባልደረቦቹ ነው፤ በካውንቲዎች መካከል የምልልስ የርቀት መለጠጥ -4.43፣ የሸቀጥ ንግድ ግን -1.29 ሆኖ አግኝተውታል። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ሸቀጡ ከቀድሞው 41 በመቶ ያህሉ ይቀራል፤ ምልልሱ ግን 5 በመቶ ገደማው ብቻ ይቀራል። ሸቀጥ ይጓዛል፤ ሰው ማታ ቤቱ መግባት አለበት። የንግድ ድንጋጤ ከሩቅ መጥቶ በአንድ ትንሽ ክበብ ውስጥ የሚቆለለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥናትዎ በሙሉ የቆመው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ላይ ነው ቢባል አልተጋነነም። የእርስዎ የደቂቃ ኮኤፊሸንት ከ-0.02 ይልቅ ወደ ዜሮ ቢቀርብ ደቂቃውን ወይም ዜሮዎቹን ደግመው ይመርምሩ።

የተጋላጭነት መለኪያው እንዲህ ይሰላል። ለእያንዳንዱ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ከአገሪቱ የዚያ ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ያለውን ድርሻ በመነሻው ዓመት ይይዛሉ፤ በዚያ ኢንዱስትሪ ወደ አገሪቱ የገባው ሸቀጥ በጨመረበት ዶላር ያባዛሉ፤ በቀጠናው ጠቅላላ ሠራተኛ ያካፍላሉ፤ ከዚያ ኢንዱስትሪዎቹን ሁሉ ይደምራሉ። ለማሳያ ብቻ፦ በአንድ ቀጠና 50,000 ሠራተኛ አለ። በጫማ ሥራ 5,000 ሰው ይሠራል፤ በአገሪቱ 40,000። ድርሻው 12.5 በመቶ። የጫማ ገቢ ንግድ በ80 ሚሊዮን ዶላር ቢጨምር ለቀጠናው የሚደርሰው 10 ሚሊዮን ነው፤ በ50,000 ሲካፈል በነፍስ ወከፍ ሠራተኛ 200 ዶላር። ኦተርና ባልደረቦቹ ይህን ለ1990–2000 እና ለ2000–2007 አስልተው በሠራተኛ 1,000 ዶላር ሲጨምር በፋብሪካ የተቀጠረው ሰው ከሥራ ዕድሜ ሕዝብ ያለው ድርሻ በ0.6 የመቶኛ ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ አገኙ።

ኢንስትሩመንታቸው (የድንጋጤውን ከውጭ የመጣ ክፍል ለይቶ ለማውጣት የተጠቀሙበት ረዳት ተለዋዋጭ) ቻይና ወደ ሌሎች ስምንት ሀብታም አገሮች የላከችው ነው፤ ከእነሱ መካከል ጀርመን፣ ጃፓን፣ ስፔንና አውስትራሊያ አሉ። የአሜሪካ የራሷ ፍላጎት ያመጣውን ገቢ ንግድ ከቻይና የማምረት አቅም ዕድገት ለመለየት ነው። እርስዎ ለኢትዮጵያ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዩጋንዳን ሊወስዱ ይችላሉ። ጅቡቲን ግን ፈጽሞ አያስገቡ። የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ በአብዛኛው በዚያ ስለሚያልፍ ቻይና «ወደ ጅቡቲ» ብላ ከምትመዘግበው ውስጥ የእኛው ዕቃ ሊኖርበት ይችላል፤ ኢንስትሩመንቱ ራሱን ተለዋዋጩን ይሆናል ማለት ነው።

ከአሜሪካው ዘዴ ሳይመረምሩ መቅዳት የሌለብዎት ሌላው ነገር የሸቀጡ ዓይነት ነው። አገራችን ከቻይና ከምታስገባው ብዙው ማሽን፣ መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ ነው። የልብስ ፋብሪካ ያስገባው ጨርቅ ሥራ ይፈጥራል እንጂ አያጠፋም። የተባበሩት መንግሥታትን የሸቀጥ አመዳደብ ተጠቅመው የመጨረሻ ፍጆታውን ከግብዓቱ ይለዩ፤ ሁለት መለኪያ ይሥሩ፤ አንዱ የፉክክር፣ ሌላው የግብዓት። በአንድ ቁጥር ከቀላቀሏቸው ተጣፍተው ዜሮ ሊሰጡዎት ይችላሉ።

አሁን ብዙ ጥሩ ጽሑፍ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደረስን። ይህ ዓይነቱ መለኪያ፣ የአገር አቀፍ ድንጋጤን በየቦታው ድርሻ እያባዛ የሚደምረው፣ ሺፍት ሼር ይባላል። መረጃዎ 100 ቀጠና ቢኖረውም ትክክለኛው የምልከታ ብዛት የሚወሰነው በቀጠናዎቹ ሳይሆን በኢንዱስትሪ ድንጋጤዎቹ ነው። ተመሳሳይ የኢንዱስትሪ ስብጥር ያላቸው ሁለት ቀጠናዎች፣ አንዱ በደቡብ ሌላው በሰሜን ቢሆኑ እንኳ፣ በአንድ ጊዜ ይናወጣሉ፤ ስህተቶቻቸው ይዛመዳሉ። አዳኦ፣ ኮሌሳርና ሞራሌስ በ2019 ይህን በአሜሪካ ቀጠናዎች ላይ ፈተኑት። ከእውነተኛው ድንጋጤ ይልቅ በዕጣ የወጣ ቁጥር አስገብተው፣ የ5 በመቶ ፈተና እስከ 55 በመቶ ጊዜ «ተጽዕኖ አለ» እንደሚል አሳዩ። ስለዚህ በክልል ክላስተር አድርገው በሠንጠረዡ ላይ ኮከብ (ውጤቱ የአጋጣሚ አይደለም የሚል ምልክት) ማብዛት አይጠቅምዎትም። የእነሱን ስታንዳርድ ኤረር ይጠቀሙ፤ ወይም እንደ ቦሩስያክ፣ ሃልና ጃራቬል ሪግሬሽኑን ወደ ኢንዱስትሪ ደረጃ ይቀይሩት። የኢንዱስትሪ ድርሻዎቹ ድምር ከቀጠና ቀጠና ስለሚለያይ የመነሻውን የፋብሪካ ሠራተኛ ድርሻ ከየዘመኑ ጋር አባዝተው መቆጣጠሪያ ማድረግም ግድ ነው፤ በኦተር መረጃ ላይ ይህ ብቻ ኮኤፊሸንቱን በግማሽ ገደማ አውርዶታል።

ለእርስዎ ይህ ምን ማለት ነው? የፋብሪካ ጥናቱ በባለ አራት አኃዝ ኢንዱስትሪ ቢመደብም ከውጭ የሚገባው የጨመረው በጥቂቶቹ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ በጫማ፣ በልብስና በፕላስቲክ ብቻ፣ በእጅዎ ያለው የድንጋጤ ብዛት ሦስት ነው። ሦስት ምልከታ ይዞ ሪግሬሽን አይሠራም። ጎልድስሚዝ-ፒንከም፣ ሶርኪንና ስዊፍት ያቀረቡትን የሮተምበርግ ክብደት ያስሉ፤ ውጤቱን የትኛው ኢንዱስትሪ እንደተሸከመው በግልጽ ይነግርዎታል። አንድ ኢንዱስትሪ ግማሹን ከተሸከመ ጥናትዎ ስለዚያ ኢንዱስትሪ ነው፤ ርዕሱንም እንደዚያው ይቀይሩት።

ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ) ከመታገዷ ጋር ለማገናኘት የሚያስቡ ከሆነም ያው ነው። እገዳው ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የጸና አንድ ድንጋጤ ነው፤ ዋናው ጫናውም ያረፈው በልብስ ስፌትና በጨርቃ ጨርቅ ላይ ነው። በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መቐለና ኮምቦልቻ ደርሶ ስለነበር እነዚህን ሁለት የፓርክ ከተሞች ከጦርነቱ መነጠል አይቻልም። ሐዋሳን ከሌሎች ከተሞች ጋር ጊዜን እየተከተሉ ማነጻጸር ይሻላል። የተነካው ቀጠና አንድ ወይም ሁለት ሲሆን የተለመደው ክላስተርም ዋይልድ ቡትስትራፕም (መረጃውን እየደጋገሙ በማስመሰል ስህተትን የመገመት ዘዴ) አይታመኑም፤ እገዳው በሌላ ከተማ ላይ የወደቀ አስመስለው እየደጋገሙ ያስሉና የሐዋሳ ቁጥር በእነዚያ መካከል ስንተኛ ላይ እንደሚቆም ይመልከቱ።

የመረጃው ጣጣ ደግሞ ብዙ ነው፤ በየተራ ልጥቀሳቸው። የፋብሪካ ጥናቱ የሚያካትተው 10ና ከዚያ በላይ ሰው የሚቀጥሩትን፣ በኃይል የሚሠራ ማሽን ያላቸውን ነው። ከውጭ በሚገባ ጫማ ቀድሞ የሚመታው የመርካቶ ጫማ ሰፊ ግን ከዚያ ወሰን በታች ነው። ድርሻውን ከፋብሪካ ጥናቱ ብቻ ካወጡ እጅግ የተጋለጠው ሰፈር ያልተጋለጠ ሆኖ ይቀርባል፤ ስለዚህ ድርሻውን ከ2007 ሕዝብ ቆጠራ ወይም ከሥራ ኃይል ጥናቱ ጋር ያመሳክሩ። የሥራ ኃይል ጥናቶቹን (1999፣ 2005፣ 2013፣ 2021) ሲይዙም ናሙናው ለየትኛው የአስተዳደር ደረጃ እንደተነደፈ ከሰነዱ ይዩ፤ ለክልል የተነደፈ ናሙና ለወረዳ ሲቆራረጥ ጥቂት መቶ ሰው ይቀርዎታል።

የቦታ ኮዶቹ ይለዋወጣሉ። ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021 ክልል ሆኑ፤ በ2023 ደግሞ የቀረው ደቡብ በሁለት ተከፈለ፤ ወረዳዎችም በየጊዜው ይከፈላሉ። ድንበራቸው ከተለዋወጠ ወረዳዎች ሁሉ የማይለወጥ ትልቅ ከለላ መጀመሪያ ይሥሩ፤ ቀጠናውን የሚገነቡት ከእነዚያ ነው። የሸቀጥ ኮዱም እንዲሁ፤ ኤችኤስ (ዓለም አቀፉ የጉምሩክ ሸቀጥ መለያ) በ2002፣ 2007፣ 2012፣ 2017 እና 2022 ተሻሽሏል። ወደ አንድ እትም ሳያመጡ ልዩነት ከወሰዱ ኮዱ የተቀየረ ሸቀጥ በአንድ ዓመት ጠፍቶ በሌላ ስም ይወለዳል።

የበጀት ዓመታችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ቋት ግን በጎርጎርዮሳዊው ዓመት ነው። የጉምሩክ መረጃውን በወር ከያዙ ደምሮ ማስተካከል ይቻላል፤ በዓመት ከያዙ ሁለቱን ምንጮች አይቀላቅሉ። ድንጋጤውን በብር አይለኩ፤ በጥቅምት 2017 ብር በ15 በመቶ ሲቀነስና በሐምሌ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድም ካርቶን ሳይጨመር ገቢ ንግዱ ያደገ ይመስላል። ቻይና «ላክሁ» ያለችውን እኛ «አስገባን» ካልነው ጋር ሲያስተያዩም የእኛው ማጓጓዣና መድን የተጨመረበት፣ የእነሱ ያልተጨመረበት መሆኑን አይርሱ።

ከሁሉ በፊት፣ አዲስ ካርታ እንኳ ሳይሥሩ፣ አሁን ባለዎት የዞን መረጃ አንድ ሠንጠረዥ ይሥሩና ለአማካሪዎ ይላኩላቸው። በአንድ ዓምድ ከፋብሪካ ጥናቱ በእያንዳንዱ ዞን ያለውን የፋብሪካ ሥራ ብዛት፣ በሁለተኛው ከቤተሰብ ጥናቱ እዚያው የሚኖሩትን የፋብሪካ ሠራተኞች ብዛት ያስገቡ፤ በሦስተኛው አንዱን ለሌላው ያካፍሉ። የቤተሰብ ጥናቱ ትንንሽ ሥራ ቤቶችንም ስለሚቆጥር ምጣኔው 1 አይሆንም፤ ከአገር አቀፉ ምጣኔ ጋር ያነጻጽሩት። ከአገር አቀፉ በእጥፍ የሚበልጥ ወይም ከግማሹ የሚያንስ ዞን ካለ እዚያ ሠራተኛው ድንበር ይሻገራል ማለት ነው። ካርታውን መቀየር የሚጀምሩት ከእነዚያ ዞኖች ነው።